ውሉ አልቆ ነጻ ያልወጣው ተጫዋች፦ የሆኪ ገበያ እንዴት ነው የሚሠራው?

ጁላይ 1 የካናዳ ብሔራዊ በዓል ነው። ሰው ወደ መናፈሻ ይወጣል፣ ሥጋ ይጠብሳል፣ ማታ ርችት ያያል። ኤድመንተን በመጣሁ በመጀመሪያው ዓመት አንድ የሥራ ባልደረባዬ ለበዓሉ ቤቱ ጠራኝ። ሰውየው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ጀምሮ ስልኩ ላይ አፍጥጧል። ምድጃው ላይ ያለው ሥጋ አረረ። ሚስቱ ተቆጣች። (ለነገሩ የሰኔ ጾም ስለነበር እኔ ምንም አልቀረብኝም።) እሱ ግን «ፈረመ! ፈረመ!» እያለ ይጮኻል። ወንድሙ ቤት የገዛ መስሎኝ «እንኳን ደስ አለህ» አልኩት። ለካ አይቶት የማያውቅ ተከላካይ ቡድን ቀይሮ ነው።

ያን ቀን ነው «ፍሪ ኤጀንሲ» የሚባለውን ነገር የሰማሁት። ቶሮንቶ፣ ካልጋሪ፣ ዋሽንግተን ዲሲ፣ ሲያትል፣ ዴንቨር፣ ዳላስ፣ ላስ ቬጋስ ወይም ሚኒሶታ የምትኖሩ ከሆነ እናንተም ሰምታችሁታል። አበሻ በብዛት ያለባቸው እነዚህ ቦታዎች ሁሉ የሆኪ ቡድን አላቸው። በጁላይ መጀመሪያ ልጆቻችሁ ራት ላይ የሚነታረኩበት የሚሊዮን ዶላር ወሬ ይህ ነው። ቃሉ «ነጻ ተጫዋች» ማለት ነው። ችግሩ ያለው «ነጻ» የምትለዋ ላይ ነው።

ከእግር ኳሱ ዝውውር በምን ይለያል?

አብዛኞቻችን የተጫዋች ገበያ ሲባል የሚታየን የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ነው። አንዱ ክለብ ለሌላው ገንዘብ ይከፍላል፣ ተጫዋቹ ይሄዳል። የሰሜን አሜሪካው የሆኪ ሊግ፣ ኤንኤችኤል፣ እንዲህ አይሠራም። 32 ቡድኖች አሉት፤ 25ቱ አሜሪካ፣ 7ቱ ካናዳ። እርስ በርሳቸው ተጫዋች በጥሬ ገንዘብ አይሻሻጡም። የሚለዋወጡት ተጫዋች በተጫዋች ነው፤ ወይም ተጫዋች በ«ተራ»።

ተራ ምንድን ነው? በየዓመቱ ሊጉ ድራፍት የሚባል የወጣቶች ምርጫ ያካሂዳል። ሰባት ዙር አለው። ቡድኖቹ በአብዛኛው 18 ዓመት የሆናቸውን ልጆች ተራ በተራ ይመርጣሉ። ባለፈው ዓመት የደከመ ቡድን ቀድሞ የመምረጥ ዕድሉ ሰፊ ነው። ልጁ ግን አይጠየቅም። የትምህርት ሚኒስቴርን የዩኒቨርሲቲ ምደባ አስታውሱ። አዲስ አበባ ሞልተህ ጅማ ይደርስሃል። ሆኪም እንደዚያ ነው። የቫንኩቨር ልጅ ፍሎሪዳ ሊደርሰው ይችላል፣ የሚኒሶታው ሞንትሪያል። የመረጠው ቡድን መብቱን ይይዛል። ቡድኖቹ ይህን የመምረጥ ተራ እንደ ገንዘብ ይገበያዩበታል። «የሚቀጥለውን ዓመት አንደኛ ዙር ተራዬን ልስጥህና ያን አጥቂ ስጠኝ» ይባባላሉ።

ልጁ መጀመሪያ የሚፈርመው ውል ደግሞ ብዙ ክርክር የለበትም። ከ18 እስከ 21 ዓመት ባለው ዕድሜ ከፈረመ ውሉ የሦስት ዓመት ነው። መነሻ ደመወዙም በደንብ የታጠረ ነው፣ በዓመት ከ1 ሚሊዮን ዶላር ብዙም አይርቅም። ብዙ ጎል ካገባ ጉርሻ ሊኖረው ይችላል። የሊጉ ኮከብ ቢሆን እንኳ ግን ሦስት ዓመቱን በዚሁ ነው የሚጨርሰው።

ሦስት ዓመቱ ሲያልቅስ ነጻ አይወጣም?

አይወጣም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

እግር ኳስ ላይ ውሉ ያለቀበት ተጫዋች ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል። ሆኪ ላይ ሁለት ዓይነት «ነጻ» አለ። አንደኛው ገደብ ያለበት ነጻ ነው፣ ሁለተኛው ገደብ የሌለበት። ገደቡ የሚነሳው ተጫዋቹ 27 ዓመት ሲሞላው ወይም በሊጉ ሰባት የውድድር ዓመት ሲቆጥር ነው። ባለቤቶቹ በ2004 ሊጉን ከመዝጋታቸው በፊት እስከ 31 ዓመት ድረስ ያስጠብቅ ነበር፣ አሁን የተሻለው ነው ይሄ።

ውሉ ያለቀ የ22 ዓመት ልጅ ታዲያ ምን ይሆናል? ቡድኑ በጁን መጨረሻ አንድ ወረቀት ይልክለታል። የቀድሞ ደመወዙን መሠረት ያደረገ የአንድ ዓመት ውል ነው። ወረቀቱ የሚላከው ይፈርማል ተብሎ ላይሆን ይችላል። ዋናው ሥራው «ይህ ልጅ የእኛ ነው» ብሎ መብትን ማስከበር ነው። ቡድኑ ወረቀቱን ካልላከ ግን ልጁ በ22 ዓመቱም ቢሆን ሙሉ በሙሉ ነጻ ይወጣል። አንዳንዴ ይህ ደስታ ነው። ብዙ ጊዜ ግን «አንፈልግህም» ማለት ነው።

ወረቀቱ ከተላከለት በኋላ ልጁ ምን አቅም አለው? ጥቂት ነው። ሊደራደር ይችላል። አንዳንዶች በገላጋይ ዳኛ ደመወዛቸውን ማስወሰን ይችላሉ። አልፈርምም ብሎ ቤቱ መቀመጥም ይችላል። አንድ ሌላ በርም አለ። ጥቂቶች ያንኳኩታል፣ ሲከፈት ግን ድራማው ነው።

ሌላ ቡድን መጥቶ ቢጠይቀውስ?

ወንድማማቾች የወረሱት ቤት አለ እንበል። አንዱ ድርሻውን ለባዳ ሊሸጥ ገዢ አመጣ። ሌላው ወንድም «በዚያው ዋጋ እኔ እገዛዋለሁ» ብሎ ማስቀረት ይችላል። ካልቻለ ወይም ካልፈለገ ባዳው ይገባል። የሆኪውም ነገር እንደዚሁ ነው። ሌላ ቡድን ገደብ ላለበት ልጅ ሙሉ ውል አዘጋጅቶ ያስፈርመዋል። «ኦፈር ሺት» ይሉታል። የቀድሞ ቡድኑ ሰባት ቀን አለው። ወይ ያንኑ ውል ቃል በቃል ተቀብሎ ልጁን ያስቀራል፣ ወይ ይለቀውና ካሳ ይወስዳል። ካሳው ገንዘብ አይደለም፣ ያ የመምረጥ ተራ ነው። ውሉ ትንሽ ከሆነ ካሳውም ትንሽ ነው። ውሉ በጣም ትልቅ ከሆነ እስከ አራት አንደኛ ዙር ተራ ይደርሳል።

የቀድሞው ቡድን ዋጋውን መቀነስ አይችልም። መጨመርም አይጠበቅበትም። «ልክ ይህንኑ» ብቻ ነው። ስለዚህ ጠያቂው ቡድን ውሉን የሚጽፈው የቀድሞውን ቡድን ባለቤት ኪስ እያሰበ ነው። በ2019 ሞንትሪያል የካሮላይናውን ሴባስቲያን አሆ ሲጠይቅ 5 ዓመት፣ 42 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ አቀረበ። የብሩን ግማሽ ያህል ግን በመጀመሪያው አንድ ዓመት ውስጥ እንዲከፈል አድርጎ ነው የጻፈው። ካሮላይና ይህን ያህል ጥሬ ገንዘብ ባንዴ ማውጣት ይከብደዋል የሚል ስሌት ነበር። ካሮላይና ከፈለ። አሆ ቀረ።

ነገሩ በዚያ አላበቃም። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በ2021፣ ካሮላይና የሞንትሪያሉን ወጣት ዬስፔሪ ኮትካኒዬሚን ጠየቀ። የአንድ ዓመት ውል፣ 6.1 ሚሊዮን ዶላር። የዚያን ጊዜ ልጁ ይህን ያህል ያወጣል የሚል ሰው አልነበረም። ውሉ ውስጥ የፊርማ ገንዘብ ተብሎ የተቀመጠው 20 ዶላር ነው። አዎ፣ ሃያ ዶላር፣ የምሳ ብር። 20 የአሆ የማሊያ ቁጥር ነው። ቂም እንዲህ በውል ላይ ሲጻፍ ሌላ ቦታ አላየሁም። ሞንትሪያል ልጁን ለቀቀው፣ አንድ አንደኛ ዙርና አንድ ሦስተኛ ዙር ተራ ወሰደ።

የእኛን ከተማ ያስለቀሰው ደግሞ በኦገስት 2024 የሆነው ነው። ሴንት ሉዊስ በአንድ ቀን ሁለት የኤድመንተን ልጆችን ጠየቀ። ተከላካዩ ፊሊፕ ብሮበርግ በዓመት 4.58 ሚሊዮን፣ አጥቂው ዲላን ሆሎዌይ በዓመት 2.29 ሚሊዮን፣ ሁለቱም የሁለት ዓመት ውል። ሁለቱም ኤድመንተን በአንደኛ ዙር የመረጣቸው ናቸው። ዋጋው በጥንቃቄ የተቀመረ ነው። ለኤድመንተን ትንሽ ይበዛል፣ ካሳው ግን ትንሽ ነው። ቡድኑ በዚያ ሰሞን ለሌሎች ከፍሎ ጨርሶ ነበር። ሰባት ቀን አሰበ፣ አሰበ፣ ሁለቱንም ለቀቀ። በምትኩ ያገኘው አንድ ሁለተኛ ዙርና አንድ ሦስተኛ ዙር ተራ ነው። ሆሎዌይ በሚቀጥለው ዓመት ለሴንት ሉዊስ 26 ጎል አገባ። ባልደረባዬ እስካሁን ስሙን አይጠራም፣ «ያ ልጅ» ነው የሚለው።

ሴንት ሉዊስ ራሱ በዚህ በር ገብቶ ጣቱ ተቆርጧል። በ1990 ስኮት ስቲቨንስ የተባለውን ታላቅ ተከላካይ ከዋሽንግተን ወሰደ፣ አምስት አንደኛ ዙር ተራ ከፍሎ። በዓመቱ ደግሞ ብሬንደን ሻናሃንን ከኒው ጀርሲ አስፈረመ። በሻናሃን ጉዳይ ግን ካሳውን የሚወስነው ገላጋይ ዳኛ ነበር። ዳኛው «ካሳችሁ ስቲቨንስ ነው» ብሎ ፈረደ። ስቲቨንስ ኒው ጀርሲ ሄዶ ሦስት ጊዜ ዋንጫ አነሳ።

ቡድኖቹ ሀብታም አይደሉም እንዴ? ለምን ዝም ብለው አይከፍሉም?

ቢፈልጉም አይችሉም። የደመወዝ ጣሪያ አለ።

ጣሪያ ሲባል ከአገር ቤቱ ጋር እንዳይምታታ። እኛ ጋ የደመወዝ ጣሪያ ሲነሳ ብዙ ጊዜ «አንድ ተጫዋች በወር ከዚህ በላይ አይከፈለው» ለማለት ነው። የኤንኤችኤል ጣሪያ የቡድኑ ጠቅላላ ነው። አስቤዛ በሉት። ለወሩ የተመደበ ብር አለ። ግማሹን ሥጋ ከገዛችሁበት ዘይትና ጤፍ በቀረው ነው። የቤቱ ባለቤት ሚሊየነር ቢሆንም ከአስቤዛው በላይ መጨመር ክልክል ነው። ከተወሰነ መጠን በታች ማውጣትም ክልክል ነው፤ ወለልም አለው።

ይህ ጣሪያ በነጻ አልመጣም። የ2004-05 የውድድር ዓመት ሙሉ በሙሉ ተሰርዟል። ባለቤቶቹ ጣሪያ አሉ፣ ተጫዋቾቹ እምቢ አሉ፣ አንድም ጨዋታ ሳይደረግ ዓመቱ አለቀ። በመጨረሻ ጣሪያው ገባ። መጀመሪያ 39 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በ2025-26 95.5 ሚሊዮን ደርሷል፣ ለ2026-27 ደግሞ 104 ሚሊዮን እንደሚሆን አስቀድሞ ተነግሯል። በኮሮና ጊዜ 81.5 ላይ ለሦስት ዓመት ቆሞ ነበር። ሰሞኑን የደመወዝ ቁጥሮች እንደ ሽንኩርት ዋጋ የተተኮሱት አንዱ ምክንያት ይህ ድንገተኛ ጭማሪ ነው።

ጣሪያው ከየት ይመጣል? ባለቤቶቹና ተጫዋቾቹ የሊጉን ገቢ እኩል ለእኩል ይካፈላሉ። ጣሪያው የሚሰላው ከዚያ ነው። በመጨረሻ ሂሳብ ሲተሳሰብ ተጫዋቾቹ ከግማሽ በላይ ወስደው ከተገኘ ትርፉን ይመልሳሉ። ለዚህ መያዣ እንዲሆን ከደመወዛቸው ላይ አስቀድሞ ይቆረጣል። ስለዚህ ዜና ላይ የምትሰሙት ሚሊዮን ያው እንዳለ ኪስ አይገባም።

አንድ ሕግ ልጨምር። ማንም ተጫዋች ከጣሪያው 20 ፐርሰንት በላይ ብቻውን አይወስድም። ኮከቡ ምንም ቢሆን 80 ፐርሰንቱ ለሌሎቹ ይቀራል። ቡድኑ በአንድ ጊዜ የሚይዘው እስከ 23 ተጫዋች ነው። ስለዚህ ኮከቡ የሚጠይቀው እያንዳንዱ ሚሊዮን ከጎኑ ከተቀመጠው ሰው የሚወጣ ነው። ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ እንመለስበታለን።

«7 ዓመት፣ 77 ሚሊዮን» ሲባል ምን ማለት ነው?

ቁጥሩ የጆን ታቫሬስ ነው። ታቫሬስ የኒውዮርክ አይላንደርስ አምበል ነበር። በጁላይ 1፣ 2018 ውሉ አለቀ፣ ዕድሜው 27 ነበር፣ ምንም ገደብ የለበትም። የትውልድ አካባቢው ቡድን ቶሮንቶ ጋ ፈረመ። በልጅነቱ የቶሮንቶ አርማ ባለበት አንሶላ ውስጥ ተኝቶ የተነሳውን ፎቶ ለጠፈ። የአይላንደርስ ደጋፊዎች ፎቶውን በደግ ዓይን አላዩትም። ከወራት በኋላ ሊጫወት ሲመለስ የፕላስቲክ እባብ ወረወሩበት። ቡድናቸው በምትኩ ያገኘው ነገር ዜሮ ነው። ሙሉ ነጻ የሆነ ተጫዋች ሲሄድ ካሳ የለም። ቡድኖች ኮከባቸው ነጻ ሊወጣ ጥቂት ወር ሲቀረው በድንጋጤ የሚለውጡት ለዚህ ነው።

ወደ ቁጥሩ። 77 ለ7 ሲካፈል 11 ይመጣል። ጣሪያው ላይ በየዓመቱ የሚመዘገበው ይህ አማካይ ነው። የሚከፈለው ግን ሌላ ነው። ታቫሬስ በመጀመሪያው ዓመት 15.9 ሚሊዮን ወስዷል። ከዚያ ውስጥ 15.25 ሚሊዮኑ የፊርማ ገንዘብ ነው። ደመወዝ ተብሎ የተጻፈው 650,000 ዶላር ብቻ፣ የዚያን ዓመት የሊጉ ዝቅተኛ ደመወዝ ማለት ነው። ለምን እንዲህ ይደረጋል? የፊርማ ገንዘብ ባንዴ እጅ ይገባል። የሥራ ማቆም ቢመጣ አይነካም። ቡድኑ ውሉን አፍርሶ ተጫዋቹን ቢያሰናብት እንኳ የፊርማው ብር አይቀነስም። ሀብታም ቡድን ጣሪያውን ሳይጥስ ተጫዋችን የሚያባብልበት መንገድ ነው።

አማካይ መሆኑ ደግሞ ብልጦችን ፈጠረ። በ2010 ኒው ጀርሲ ኢሊያ ኮቫልቹክን ለ17 ዓመት፣ በ102 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመ። ሰውየው 27 ዓመቱ ነበር። ውሉ ሲያልቅ 44 ሊሆነው ነው! በመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት 95 ሚሊዮኑ ይከፈላል። በመጨረሻዎቹ አምስት ዓመታት በዓመት 550,000 ዶላር ብቻ። ያን ጊዜ ይጫወታል ብሎ ያሰበ ሰው የለም። የመጨረሻዎቹ ዓመታት ሥራቸው አማካዩን ወደ 6 ሚሊዮን ማውረድ ነው። ወጥ ላይ ውሃ መጨመር በሉት። ሊጉ አልቀበልም አለ፣ ገላጋይ ዳኛም ሊጉን ደገፈ። ውሉ ወደ 15 ዓመት ተስተካክሎ ጸደቀ፣ ቡድኑም ተቀጣ። ኮቫልቹክ ሦስት ዓመት ተጫውቶ በ2013 ጡረታ ወጣሁ አለና ወደ ሩሲያ ሊግ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ዕድሜ ልክ ውል ቀረ። በ2013ቱ የባለቤቶችና የተጫዋቾች ስምምነት ተጫዋቹ ከራሱ ቡድን ጋር ቢበዛ 8 ዓመት፣ ከሌላ ጋር 7 ዓመት ነው የሚፈርመው። ከሴፕቴምበር 2026 ጀምሮ ወደ 7 እና 6 ይወርዳል። ያቺ የአንድ ዓመት ልዩነት ለራስ ቡድን የተሰጠች ጉርሻ ናት። ብልሃት አልጠፋላትም። በ2025 ሚች ማርነር ከቶሮንቶ ወደ ቬጋስ መሄዱ ሲቆርጥ መጀመሪያ ከቶሮንቶ ጋር 8 ዓመት በ96 ሚሊዮን ተፈራረመ፣ ወዲያው በሌላ ተጫዋች ተለወጠ። እሱ ስምንተኛ ዓመቱን አገኘ፣ ቶሮንቶ ባዶ እጁን አልቀረም።

ውሉ ሳያልቅ ተጫዋቹ ቢደክምስ?

ቡድኑ ይከፍላል። የሆኪ ውል በአብዛኛው የተረጋገጠ ነው። ቡድኑ ለመገላገል ከፈለገ «ባይአውት» አለ። 26 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ ተጫዋች ከቀሪው ደመወዝ ሁለት ሦስተኛውን፣ በቀሪው ዓመት እጥፍ ከፋፍሎ ይከፍላል።

የሚጠቀሰው ምሳሌ በረኛው ሪክ ዲፒዬትሮ ነው። አይላንደርስ በ2006 ለ15 ዓመት፣ በ67.5 ሚሊዮን አስፈረሙት። ጉዳት በጉዳት ላይ መጣበት። በ2013 ሲያሰናብቱት 8 ዓመትና 36 ሚሊዮን ቀርቶት ነበር። ሁለት ሦስተኛው 24 ሚሊዮን ነው። የ8 ዓመት እጥፍ 16። ስለዚህ በዓመት 1.5 ሚሊዮን ዶላር፣ እስከ 2029። ሰውየው ካቆመ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ቼኩ ግን ይመጣል።

ዲፒዬትሮ በ24 ዓመቱ ነው የፈረመው፣ ስለዚህ እሱን በዕድል እንመድበው። የብዙዎቹ ችግር ግን ዕድሜ ነው። አብዛኛው አጥቂ የሚጎመራው በሃያዎቹ አጋማሽ ነው። ሕጉ ነጻ የሚያወጣው በ27። ቁጥሮቹን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጧቸው። ቡድኑ ሰባት ዓመት የሚፈርመው ከ27 እስከ 34 ላለው ሰው ነው። ተጫዋቹ ደግሞ ምርጥ ዓመታቱን በርካሽ ስለሠራ አሁን የድሮውንም ጨምሮ ይጠይቃል። በእኔ ግምት ጁላይ 1 ላይ የሚከፈለው ብር ገሚሱ ውዝፍ ነው፣ የሚከፍለው ግን ያልተበደረው ሰው ነው። በረዶ ላይ ያለው ልጅ በዓመት 1 ሚሊዮን ሲያገኝ የተጠቀመው አንዱ ቡድን፣ በ33 ዓመቱ ሲያነክስ 9 ሚሊዮን የሚከፍለው ሌላው።

ታዲያ ጁላይ 1 ምን ይሆናል?

በምሥራቁ ሰዓት ከቀኑ ስድስት ሰዓት፣ በእኛ በኤድመንተን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ገበያው ይከፈታል። ውላቸው ያለቀና ገደብ የሌለባቸው ሁሉ ከፈለጉት ጋር ይፈርማሉ። እንደ ሕጉ ከዚያ በፊት ከሌላ ቡድን ተጫዋች ጋር መነጋገር ክልክል ነው። ግን በተከፈተ በደቂቃዎች ውስጥ የሰባት ዓመት ውሎች ይፋ ይሆናሉ። ሽማግሌ ሳይላክ ሠርግ የለም፣ እንዴት እንደሆነ እናንተ ገምቱት።

ገንዘብ ብቻም አይደለም የሚወስነው። 27 የሞላው ተጫዋች «ያለ ፈቃዴ ወደ ሌላ ቡድን አትለውጡኝም» የሚል አንቀጽ ማስገባት ይችላል። ልጆቹ ትምህርት ቤት ለገቡ ሰው ይህ ከአንድ ሚሊዮን ይበልጥበታል። ግብርም አለ። ቶሮንቶ ያለ ተጫዋች ከከፍተኛው የገቢው ክፍል ላይ ከ53 ፐርሰንት በላይ ግብር ይጠየቃል። ፍሎሪዳ፣ ቴክሳስ፣ ኔቫዳና ቴነሲ የግዛት የገቢ ግብር የላቸውም፣ የፌዴራሉ 37 ፐርሰንት ብቻ ነው። እንግዳ ሆነው የሚጫወቱባቸው ግዛቶችም ድርሻቸውን ስለሚቆርጡ ልዩነቱ እንዳለ ኪስ አይገባም፣ ግን ይሰማል። በ2024 እና በ2025 ዋንጫውን የወሰደው ፍሎሪዳ በ2025 ውላቸው ሊያልቅ የነበሩትን ሳም ቤኔትን፣ አሮን ኤክብላድንና ብራድ ማርሻንድን ሦስቱንም ማስቀረት ችሏል። የካናዳ ቡድኖች ደጋፊዎች ግብሩን ይከሳሉ። የፍሎሪዳ ደጋፊዎች «ስለምናሸንፍ ነው» ይላሉ። ሁለቱም ትንሽ ትንሽ እውነት አላቸው።

የዓለም ምርጡ ተጫዋች ለምን በርካሽ ፈረመ?

አሁን ወደ አስቤዛው እንመለስ። በሴፕቴምበር 2025 መጨረሻ ሚኒሶታ ኪሪል ካፕሪዞቭን ለ8 ዓመት በ136 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመ። በዓመት 17 ሚሊዮን፣ በሊጉ ታሪክ ትልቁ ውል። ከዚያ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ 128 ሚሊዮን ቀርቦለት እምቢ ማለቱ ተዘግቦ ነበር። እምቢታው 8 ሚሊዮን ጨመረለት።

ሳምንት ሳይሞላ የኤድመንተኑ ኮነር ማክዴቪድ ፈረመ። ብዙው ሰው የዓለም አንደኛ የሚለው እሱ ነው። ሁሉም 17ን አልፎ ይሄዳል ብሎ ጠበቀ። የፈረመው ለሁለት ዓመት፣ በዓመት 12.5 ሚሊዮን ነው። ከ2018 ጀምሮ ሲከፈለው የነበረው ያው ብር። ያኔ ጣሪያው 79.5 ሚሊዮን ስለነበር የቡድኑን አስቤዛ 16 ፐርሰንት ገደማ ይወስድ ነበር። ጣሪያው 104 ሲሆን 12 ፐርሰንት ብቻ ይወስዳል። የተረፈው ብር ሌላ ተከላካይ ወይም በረኛ ይገዛል። ኤድመንተን በ2024ም በ2025ም ለዋንጫ ደርሶ ሁለቴም በፍሎሪዳ ተሸንፏል። ማክዴቪድ ብዙ ነገር አለው፣ ዋንጫ ግን የለውም።

ታዲያ ደግነት ብቻ ነው? አይመስለኝም። ውሉን እንደገና እዩት፣ ሁለት ዓመት ነው። 8 ዓመት ቢፈርም ከተማው እፎይ ይል ነበር። ሁለት ሲፈርም ግን «ብሩን ትቼላችኋለሁ፣ ቡድኑን ሥሩ፣ አያለሁ» ማለቱ ነው። ካልተሳካላቸው፣ ከዚያ በፊትም ሌላ ካልፈረመ፣ ጁላይ 1 ቀን 2028 በ31 ዓመቱ ያለ ምንም ገደብ ነጻ ይወጣል።

ባልደረባዬ ቀኑን ስልኩ ላይ መዝግቦታል። ቅዳሜ እንደሚውል ሳይቀር አጣርቷል። «ቤቴ ነው የምትውለው» አለኝ፣ «ስልኬን ስለማልለቅ ሥጋውን አንተ ትጠብሳለህ»። እሺ አልኩት። የሰኔ ጾም መሆኑን አልነገርኩትም።